ለማሲ 375 የሚሆን ቦክስ ብሌድ፦ ያገለገለ ልግዛ ወይስ ድሬ ላይ ላሠራ?

ማንጎ_መልካጀብዱ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ትንሽ ምክር ፈልጌ ነው።

መልካ ጀብዱ በኩል የማንጎና የፓፓያ እርሻ አለን። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ እርሻው ድረስ የሚገባው የአፈር መንገድ 700 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ይቦረቡረዋል። በጋ ላይ ዱቄት ይሆናል። ፓፓያ የጫነው አይሱዙ እየተንገጫገጨ ቀፊራ ሲደርስ ፍሬው ተላልጦ ይገኛል፤ ነጋዴው ደግሞ ይቺን ሰበብ ይዞ ዋጋ ይሰብራል። ግሬደር መከራየት ለዚህች መንገድ አያዋጣም። ቢያዋጣም አንድ ከባድ ዝናብ ሥራውን ጠርጎት ይሄዳል።

ትራክተር ግን አለን። ማሲ ፈርጉሰን 375፣ 75 ፈረስ ጉልበት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ። ከሱ ጋር ያለን ዲስክ ማረሻ፣ መከስከሻና ተጎታች ነው። ሰሞኑን ቦክስ ብሌድ የሚሉትን ነገር ዩቲዩብ ላይ አየሁና ልቤ ተሰቀለ። ፊቱ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው፣ ከትራክተሩ ኋላ ይንጠለጠላል። ውስጡ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ መሬቱን ይፈለፍላል፣ ምላጩ ይቆርጣል፣ ሳጥኑ አፈሩን ይዞ ሄዶ ጎድጓዳው ላይ ያራግፋል።

ሁለት ምርጫ አለኝ። አንድ ሰው ከውጭ የገባ ያገለገለ ይሸጣል። ስፋቱ 2.1 ሜትር፣ ክብደቱ 250 ኪሎ ነው አለኝ። ቀለሙ ያምራል፣ ፒኑ ግን ቀጭን ነው፣ የኛ ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ይዋልላል። ሁለተኛው ምርጫ እዚሁ ድሬ ብረታ ብረት ቤት ማሠራት ነው። የቱ ይሻለኛል? ያሠራ ሰው ካለ ስለ ብረቱም ስለ ጥርሱም ይንገረኝ።

ዋሪያ_ሳቢያን

ኧረ አቦ! ለ700 ሜትር ይሄ ሁሉ ጣጣ? ሰፈር ውስጥ ያለውን ጎረምሳ ሁሉ ሰብስበህ፣ አካፋ አስይዘህ፣ በርጫ ብትጋብዛቸው በአንድ ቀን ይጨርሱልህ ነበር።

ቀልዴን ነው። እኔም አጎቴ ጋ ትራክተር አለ፣ እከታተላለሁ።

ቶርኖቤት_ገንደቆሬ

ማንጎ፣ ከፒኑ ልጀምርልህ።

ከትራክተር ኋላ በሁለት የታች ክንድና በአንድ የላይ ዘንግ የሚንጠለጠል እቃ በፒኑ ልክ በምድብ ይለያል። ምድብ 1 ለትንንሾቹ ነው፤ የታችኛው ፒን 22 ሚሊ፣ የላይኛው 19 ሚሊ። ምድብ 2 የታችኛው 28 ሚሊ ተኩል ያህል፣ የላይኛው 25 ሚሊ ተኩል ያህል ነው። ያንተ ማሲ ምድብ 2 ነው። ያ ሰው የሚሸጥልህ ምድብ 1 ነው።

ፒን ማወፈር ቀላል ነው። ውስጡ በ22ቱ ፒን ልክ፣ ውጩ በክንድህ ቀዳዳ ልክ የሆነ ቡሽ፣ ማለትም አጭር የብረት ቱቦ፣ ቶርኖ ላይ ይቆረጥልሃል። ፒኑ ላይ ታለብሰዋለህ፣ ኮፒሊያውን ትመታለህ፣ አለቀ። ቡሽ የማያድነው የሁለቱን ፒኖች ርቀት ነው። ምድብ 1 ላይ በመካከላቸው 68 ሴንቲ ገደማ አለ። ምድብ 2 ላይ ወደ 82 ሴንቲ ይሰፋል። ክንዶቹን ወደ ውስጥ ሰብስበህ ብታስገባውም ሰንሰለቶቹን እንደገና ካላሳጠርካቸው ሳጥኑ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝብሃል።

ይሄ ሁሉ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ክብደቱ ነው። 2.1 ሜትር ሆኖ 250 ኪሎ ከሆነ ላሜራው ስስ ነው ማለት ነው። ለ30 እና ለ40 ፈረስ ጉልበት የተሠራ ነው። አንተ በ75 ስትጎትተው፣ ጥርሱ ድንጋይ ሥር ሲገባ፣ ትራክተሩ አይቆምልህም። የሚታጠፈው ሳጥኑ ነው። እንዲህ የተጠማዘዘ ሳጥን ሱቄ መጥቶ አይቻለሁ፤ ቀና ለማድረግ የሚወጣው ጉልበት አዲስ ከመሥራት አይተናነስም።

እኔ ብረት ሠሪ ስለሆንኩ "አሠራ" ማለቴ አይገርምህ። ግን ቁጥሩን ራስህ አስላው።

ኢንጂነሯ_ሐረማያ

ጋሽ ቶርኖ ያሉት ልክ ነው። ቁጥሩን እኔ ላግዝ።

መጀመሪያ ስፋቱ። የኋላ ጎማህን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለካው። ሳጥኑ ከዚያ በሁለቱም ጎን አምስት አምስት ሴንቲ ቢተርፍ ይበቃል። ከጎማው ከጠበበ የራስህ ጎማ ያስተካከልከውን መንገድ እየረገጠ ይሄዳል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ሞልቶ መጎተት ያቅትሃል፣ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። የ375 የጎማ ስፋት እንደ አገጣጠሙ ይለያያል። ብዙዎቹ ግን 2 ሜትር አካባቢ ስለሚሆኑ 2.1 ጥሩ ልክ ነው።

ክብደቱን ደግሞ እንዲህ እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር 10 ሚሊ ላሜራ 78 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የኋላ ግድግዳው 2.1 በ50 ሴንቲ ከሆነ 82 ኪሎ። ሁለቱ ጎኖች በ12 ሚሊ ቢሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 80 በ50 ሴንቲ፣ ተደምረው 75 ኪሎ። የጥርሶቹ ተሸካሚ 100 በ100 የሆነ 10 ሚሊ ቱቦላሬ ቢሆን 60 ኪሎ ያህል። ሁለት ምላጭ፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ፣ 80 ኪሎ። ጥርሶቹና የላይኛው ዘንግ የሚያርፍበት የማያያዣ ማማ ሲጨመሩ 400 ኪሎ ታልፋለህ። ለ75 ፈረስ ጉልበት የምፈልገው ከ400 እስከ 500 ያለውን ነው። ሻጩ ያለህ 250 ከዚህ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ክብደት ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ሳጥኑ እንደ ማረሻ ራሱን ወደ መሬት የሚስብ ቅርጽ የለውም። ምላጩን መሬት ውስጥ የሚይዘው ክብደቱ ነው። ቀላል ሳጥን በጋ ላይ በደረቀ የድሬ መሬት ላይ ይንሸራተታል፣ አቧራ ብቻ ያነሳል።

የኤረር_ሸለቆ

ከሐረር ነኝ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ነው የምንሠራው። የኛ መሬት ከናንተ ይለያል። ዳካታን ያየ ሰው ድንጋያችንን ያውቀዋል። ላዩ አሸዋ ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ አላህ ነው የሚያውቀው።

ስለ ጥርስ ልንገርህ። ለ2.1 ሜትር ስድስት ይበቃል፣ በየ35 ሴንቲው አንድ። ጥርሱ ከላይ እስከ ታች ሦስት አራት ቀዳዳ ይኑረው፤ በፒን ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳም ይኑረው። ምክንያቱም ጥርስ ታች ሆኖ መንገድ አይስተካከልም። መጀመሪያ ጥርሱን አውርደህ ትፈለፍላለህ። ከዚያ ጥርሱን አንስተህ በምላጩ ብቻ ትጠርጋለህ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንዴ እሠራለሁ ይልና መሬቱን እንደ ታረሰ ማሳ ትቶት ይሄዳል።

ሌላው የጉልበት ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ 75 ያለው ሞተር እዚህ 75 አይሰጥም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ያጥረዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አንድ አስረኛ ያህሉን ታጣለህ። ሐረር ከ1,800 በላይ ናት፣ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ስፋት ላይ አትስገብገብ። እኛ 1.8 ሜትር ነው ያሠራነው፣ ትራክተራችንም ከናንተ ያንሳል።

ጡረተኛው_ግሬደር

ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬን ግሬደር ላይ ነው የጨረስኩት። ለመንገድ ቦክስ ብሌድ የሚባለው ነገር አይጥመኝም።

መንገድ ማለት ውሃ ማስወገድ ነው። ውሃው መሃል ላይ እንዳይቆም የመንገዱ ወገብ ከፍ ማለት አለበት፣ ካምበር የምንለው። ለጠጠር መንገድ ወደ ጎን 4 በመቶ ዝቅታ ያስፈልጋል። 4 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ መሃሉ ከዳሩ 8 ሴንቲ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን የሚሰጥህ ሰያፍ የሚዞር ምላጭ ነው። ከቦዩ አፈሩን አንስቶ እየገፋ ወደ መሃል ይመልሰዋል። ሳጥን ጎን ስላለው አፈሩን ይዞት ይሄዳል እንጂ ወደ መሃል አይገፋም። ሳጥን ሜዳ ለመደልደል ነው። ግቢ፣ የኳስ ሜዳ፣ የቤት መሠረት።

ከኋላ የሚንጠለጠል፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞር ምላጭ አሠራ። ብረቱም ያንሳል፣ ዋጋውም ያንሳል።

ኢንጂነሯ_ሐረማያ

ጋሼ፣ ስለ ካምበሩ እጅ እነሳለሁ። ግን የማንጎ መንገድ ችግር ቦረቦር ነው። ጎርፍ ቆርጦ የወሰደውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መሙላት አለበት። የሚዞረው ምላጭ አፈር ይገፋል እንጂ ተሸክሞ 30 ሜትር አይወስድም። ደግሞም ቀላል ስለሆነ የደረቀውን መሬት አይቆርጥለትም፤ ጥርስ የለውም።

ካምበሩን በሳጥኑም ማምጣት ይቻላል። የማሲው ቀኝ ክንድ ላይ ያለውን ማንሻ መዘውር አዙሮ አንዱን ጎን ዝቅ ማድረግ ነው። ሲሄድ አንዱን ወገን፣ ሲመለስ ሌላውን ወገን ይሠራል። ሁለቴም ዝቅ ያለው ጎን በመንገዱ ዳር በኩል መሆን አለበት።

ጡረተኛው_ግሬደር

ይቻላል፣ ግን ሲሄድ ዳሩ በቀኙ ከሆነ ሲመለስም በቀኙ ነው። መዘውሩን አንዴ አስተካክሎ መተው ይችላል። ይህን ብትጨምሪለት ጥሩ ነበር። ሰው በየመመለሻው እየወረደ ሲያዞር ውሎ ወገቡን ይዞ ይገባል።

ለቦረቦሩ ሳጥን ይሻላል ያልሽውን ተቀብያለሁ። ለካምበሩ ግን ሐሳቤን አልቀይርም።

ማንጎ_መልካጀብዱ

በጣም አመሰግናለሁ። የሻጩን ነገር ተውኩት። ደውዬ ስነግረው "እንግዲያው 350 ኪሎ ነው" አለኝ። በስልክ 100 ኪሎ የጨመረ ብረት የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ አሠራለሁ። አሁን የምላጩ ብረት ነው ያሳሰበኝ። አንድ በያጅ "ተራ ላሜራ 20 ሚሊ አድርገህ ብየድበት፣ ይበቃሃል" አለኝ። ሌላው "የመኪና ባሌስትራ ለጥርስ የሚተካከለው የለም" ይላል። እውነት ነው?

ቶርኖቤት_ገንደቆሬ

ተራ ላሜራ ለምላጭ አይሆንም። የናንተ አካባቢ አፈር አሸዋ የበዛበት ነው። አሸዋ ለስላሳ ብረትን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ወዲያው ጠርዙ ይዶለዱማል።

የተሻለው ያለቀ የግሬደር ምላጭ መፈለግ ነው። የመንገድ ሥራ ተቋራጮች አንዱ ጠርዝ ሲያልቅባቸው ያገላብጡታል፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ይጥሉታል ወይም በኪሎ ይሸጡታል። ለነሱ ያለቀ ለትራክተር ገና ነው። ቁርጥራጭ ከሆነም ሁለት ሦስቱን ጎን ለጎን ትገጥማለህ። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ሞረድ ይዘህ ሂድ። ጠርዙ ላይ ስትጎትተው ሞረዱ እንደ ተራ ብረት በቀላሉ ካልነከሰ ጠንካራው ነው። በቀላሉ ከነከሰና ብዙ ፍቅፋቂ ካወጣ ተራ ብረት ቀለም ቀብተው እየሸጡልህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናውን ስማ። አትበይደው። በቡሎን እሰረው። ምላጩ ድሮም ቀዳዳ አለው፣ በየ15 ሴንቲው ገደማ፣ ለ16 ወይም ለ19 ሚሊ ቡሎን። የሳጥኑን ግድግዳ በዚያው ልክ ታስበሳለህ። ቡሎኑ ራሱ ጠፍጣፋና ቀዳዳው ውስጥ የሚሰምጠው ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ ራሱ እየተፋቀ ያልቃል። ከኋላ ሮንዴላና ዳዶ። ሲያልቅ ፈተህ ትቀይራለህ።

የግሬደር ምላጭ ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ቀዝቃዛውን ከበየድከው ሲቀዘቅዝ "ጢቅ" የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ያ ድምፅ ስንጥቅ ነው። ዓይንህ ላያየው ይችላል። ድንጋይ ሲመታው ግን ከብየዳው ጎን እንደ ሸክላ ይላቀቃል። የግድ መበየድ ካለበት 7018 ኤሌክትሮድ፣ እሱም ደረቅ የሆነ። ብረቱ አስቀድሞ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይሙቅ፣ ከብየዳ በኋላም አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ይህን ሁሉ የሚያደርግልህ በያጅ ካገኘህ ስልኩን ላክልኝ፣ እኔም እፈልገዋለሁ።

ባሌስትራም ያው ነው። ብረቱ ግሩም ነው፣ ጠላቱ ብየዳ ነው። ደግሞ ባሌስትራ የተሠራው ሊለመጥ ነው። ጥርስ ሆኖ ሲለመጥ ጥልቀቱ ይለዋወጣል። ለጥርስ 25 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠንካራ ብረት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የሚቀየር ጫማ። የሎደርና የስካቫተር ጥርስ የሚሸጡ ሰዎች ትንንሹን ጫፍ ያውቁታል።

ዋሪያ_ሳቢያን

ጋሼ፣ ክብደቱን ለመጨመር የድሮው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ቢበየድበትስ? ድሬ ውስጥ ከሐዲድ የከበደ ምን አለ?

አወያይ

ዋሪያ፣ ይህን ሐሳብ እዚሁ እናቁመው። የድሮው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ የሕዝብ ንብረት ነው፣ ከዚያም በላይ ይህች ከተማ የቆመችበት ነገር ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ላትኖር ትችል ነበር። "ርካሽ ሐዲድ አለኝ" የሚል ሰው ከመጣ አትግዙ። ተይዞ የሚጠየቀው ገዢውም ነው።

የኤረር_ሸለቆ

ለክብደት ቀላሉ ነገር ሲሚንቶ ነው። የሳጥኑ ላይኛው ክፍል ላይ ሁለት ቱቦላሬ አጋድመህ አስበይድ፣ በላያቸው ኮንክሪት የተሞላ ግማሽ በርሜል በቡሎን ታስራለህ። ሳያስፈልግ ሲቀር ታወርደዋለህ። ሲሚንቶ ደግሞ ድሬ ላይ ፋብሪካው ደጃችሁ ነው።

የኋላ ጎማ ውስጥም ውሃ መሙላት ይቻላል። ቫልቩ ወደ ላይ ሆኖ እስከ ቫልቩ ድረስ፣ ከአራት ሦስት እጅ ያህል። በረዶ ባለበት አገር ውሃው እንዳይረጋ ጨው ይጨምራሉ፣ ጨውም ቸርኬውን ይበላዋል። ድሬ ላይ ውሃ ረግቶ ካየህ ንገረኝ፣ እኔም ልምጣ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ሰው እንደ ክብደት አትጫኑ። ይህን የምለው በየእርሻው ስለማየው ነው። ሁለት ልጆች ሳጥኑ ላይ ይቆማሉ፣ "ይጫን" ይባላሉ። ጥርሱ ድንጋይ ሲይዝ ሳጥኑ ይዘላል፣ ልጁ ከፊት ይወድቃል፣ ምላጩ ከኋላው ይመጣል። ሹፌሩ ወደ ፊት እያየ ነው፣ አያየውም።

እሙ_ማህሌት_ከዚራ

የመድረኩ ሰዎች፣ እኔ ትራክተር የለኝም፣ ጥያቄ ግን አለኝ። ቦዩን ወዴት ነው የምታወጡት? እኛ ጎረቤት መንገድ ያስተካከለ ሰው ውሃውን ሁሉ ወደ እኛ አጥር ልኮት ነበር። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ደመና ሲጠቁር እንኳ እንቅልፍ አይወስደውም። እባካችሁ መንገድ ስታስተካክሉ የታች ሰውንም አስቡ።

ኢንጂነሯ_ሐረማያ

እትዬ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። ማንጎ፣ ቦዩን ረጅም አድርገህ ውሃው ጉልበት እንዲያገኝ አትተወው። በየመካከሉ ከመንገዱ ወደ ማሳህ የሚወስድ ማስተንፈሻ አውጣለት። መንገዱ ቁልቁል በሆነበት ማስተንፈሻዎቹ ይቀራረቡ። ማንጎው ውሃውን ይጠጣዋል፣ ጎረቤትህም አይከስህም። በዚህ አገር ገበሬው ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ከጥንት ያውቃል፣ ያው ነው።

ማንጎ_መልካጀብዱ

ሰላም እንደገና። ተመልሻለሁ።

ሳጥኑ ተሠርቶ ወጣ። 2.1 ሜትር፣ ስድስት ጥርስ፣ ምላጩ በቡሎን የታሰረ የግሬደር ምላጭ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 430 ኪሎ ሆነ፣ የኢንጂነሯ ስሌት ቅርብ ነበር። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ እርጥብ ሳለ ጀመርኩት። የሚገርም ነው፣ ቦረቦሮቹ ጠፉ።

ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። መንገዱ ላይ ሞገድ ወጣበት። በየሁለት ሦስት እርምጃው ጉብ፣ ዝቅ፣ ጉብ፣ ዝቅ ይላል። እየደጋገምኩ በሄድኩ ቁጥር ይብሳል። ሳጥኑ ራሱ እየተነሳና እየወረደ ይመስላል፣ እኔ ማንሻውን ሳልነካ። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን?

ጡረተኛው_ግሬደር

ፓምፑ ደህና ነው። በየትኛው ማንሻ ነው የምትሠራው? ማሲ ላይ ሁለት አለ።

ማንጎ_መልካጀብዱ

ስናርስ በምንጠቀምበት ነው ጋሼ።

ጡረተኛው_ግሬደር

እሱ ነው ጣጣው።

ያኛው ድራፍት ኮንትሮል ይባላል። ሃሪ ፈርጉሰን በ1926 እ.ኤ.አ. ባለቤትነቱን ያስመዘገበው እሱን ነው፤ ለማረሻ። ማረሻው ጠንካራ መሬት ሲያጋጥመው የላይኛው ዘንግ፣ ቶፕ ሊንክ የምትሉት፣ ወደ ትራክተሩ ይገፋል። የዘንጉ መያዣ ላይ ያለው ስፕሪንግ ይጨመቃል፣ ሃይድሮሊኩ ራሱ ማረሻውን ትንሽ ያነሳል። ጭነቱ ሲቀል ደግሞ ያወርዳል። ለማረሻ ግሩም ነው። ለሳጥን ግን መርዝ ነው። ሳጥኑ ሲሞላ ከበደኝ ይልና ያነሳል፣ ሲያፈስ ቀለለኝ ይልና ያወርዳል። ሞገዱ ከዚያ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ጉብታ ላይ የኋላ ጎማህ ሲወጣ ደግሞ ሳጥኑም ይከተለዋል፣ ሁለተኛ ጉብታ ይሠራል። እንዲህ እየተባዛ ይሄዳል።

ሌላኛውን ማንሻ ተጠቀም። ፖዚሽን ኮንትሮል። ያቆምክበት ቦታ ላይ ይቆማል። ማርሹን ዝቅ አድርግ፣ አትቸኩል። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር በጣትህ ትንሽ ብቻ አንሳው፣ እስከ ላይ አታውጣው።

የኤረር_ሸለቆ

ቶፕ ሊንኩንም እየው። ብዙ ሰው አንዴ ይገጥመውና ይረሳዋል። የሳጥኑ መሪ እሱ ነው።

አሳጥረኸው ከሆነ ሳጥኑ ወደ ፊት ይደፋል፤ ጥርሱና የፊቱ ምላጭ ጠልቀው ይቆርጣሉ። ለመጀመሪያ ፍልፈላ ጥሩ ነው። አስረዝመኸው ከሆነ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ የኋላው ምላጭ ይነካና እየዳበሰ ያለሰልሳል። ለማጠናቀቂያ እሱ ነው። ሞገዱን ለማጥፋት ጥርሱን ዝቅ አድርግና ከጉብታው በታች ድረስ አንድ ዙር ፈልፍል። ከዝቅታው ሥር ካልደረስክ ቢጠራረግም ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ጥርሱን አንሳ፣ ዘንጉን ትንሽ ትንሽ እያስረዘምክ ጥረግ። ግማሽ ዙር ብታዞረው እንኳ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ወደ ኋላ ስትገፋ ደግሞ ጥርሱ ይነሳ። ክንዶቹ ለመጎተት ናቸው። ጥርስ ተተክሎ ሪቨርስ የገፋ ሰው ክንድ ያጣምማል።

ዋሪያ_ሳቢያን

ሃይድሮሊክ ቶፕ ሊንክ የሚባል አለ አሉ፣ ከወንበር ሳትወርድ የሚያስረዝም የሚያሳጥር። ይሄን ማስገጠም አይሻልም? ፎቅ ነገር ነው አቦ።

ቶርኖቤት_ገንደቆሬ

ይሻላል፣ ግን ትራክተሩ ኋላ ላይ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ዘይት የሚገፋ ተጨማሪ ቫልቭ ይፈልጋል። የሌለው ብዙ ነው። ሲሊንደሩም ዘይቱን ቆልፎ የሚይዝ ቫልቭ ካልኖረው ጭነት ሲመጣ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ሳጥኑ በራሱ ጊዜ ይደፋል። አንድ መንገድ ላለው ሰው የእጁ ይበቃዋል። የዘንጉን ጠመዝማዛ ጥርስ ዘይት ይቀባ፣ አሸዋ እንዳይገባበት የድሮ ከመነዳሪ ቁራጭ ይጠምጥምበት።

እግረ መንገዴን፤ ሳጥኑ ትራክተሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ብየዳ ካስፈለገ የባትሪውን ሽቦ ንቀሉ። የጄነሬተሩን ዳዮድ የሚያቃጥሉ በያጆች እየበዙ ነው።

ማንጎ_መልካጀብዱ

ማንሻው ነበር! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሌላኛው ሠራሁት፣ ዘንጉንም አስረዘምኩ፣ ሞገዱ ጠፋ። ካምበሩንም መዘውሩን አንዴ ዝቅ አድርጌ በሁለቱም ዳር ሄድኩበት። ወገቡ በዓይን ይታያል አሁን። ማስተንፈሻ ወደ ማንጎው አወጣሁ። ገረጋንቲ ከላይ ባለብሰው ነው የሚያዋጣው ወይስ እንዲሁ ልተወው?

ጡረተኛው_ግሬደር

ገንዘብ ካለህ ቁልቁለቷ ላይና ውሃ የሚያቋርጥባት ቦታ ላይ ብቻ አልብስ። ሜዳው ይቆይ። ስታለብስ በቦቴ ውሃ አርጥበው፤ ደረቅ ገረጋንቲ አይያያዝም። ሮሎ ከሌለህ የተጫነውን ተጎታች እየመላለስክ ርገጠው፣ በአንድ መስመር ብቻ ሳይሆን እየተዘዋወርክ።

የኤረር_ሸለቆ

ማንጎ፣ የሳጥኑን ልኬት በውስጥ መስመር ላክልኝ። የኛን በሚቀጥለው ከቀየርን ያንተን ዓይነት ማማ ነው የምፈልገው፣ የኛ አጭር ነው።

ማንጎ_መልካጀብዱ

ልኬልሃለሁ። የማማው ቁመትና የፒኖቹ ርቀት በምድብ 2 ልክ ነው፣ ያንተ ትራክተር ምድብ 1 ከሆነ እነሱን ቀይራቸው። አንድ ነገር እኔ ብደግመው የምቀይረው፤ የዳሮቹ ሁለት ጥርሶች ለጎኑ ላሜራ በጣም ቀርበዋል። ድንጋይ በመሃላቸው ይቀረቀራል፣ በመዶሻ ነው የሚወጣው። ከጎኑ 20 ሴንቲ ያህል አርቃቸው።

ቶርኖቤት_ገንደቆሬ

20 ብዙ ነው፣ ዳሩ ሳይፈለፈል ይቀራል። 15 አድርገው።